ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታመም ሞተር

«ይህ ገነነ የምትዪው ልጅ ምን ዓይነት ፈዛዛ ነው?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አንባቢዎች፣ እውነታችሁን ነው። እኔም ስጽፈው ተናድጄበታለሁ። ሞተር ላይ ጆሮውን ለጥፎ የውስጥ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው፣ ሦስት እርምጃ ርቃ የቆመች ልጅ የምትለውን ካልሰማ ፈዛዛ እንጂ ምን ይባላል? ግን የዛሬውን እስክትጨርሱ ድረስ ፍርዱን አቆዩልኝ። እኔ ቸኩዬ ፈርጄበት በኋላ አፍሬያለሁ።

ታሪኩን ዛሬ ለጀመራችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ገነነ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ባለው በአቶ ሐድጉ ጋራዥ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነው። አባቱ ቡልጋ ውስጥ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለ እጅ ነበሩ። ባለ እጅ የጨዋ ቃል ነው፤ ሰው ከኋላቸው የሚላቸው ቀጥቃጭ፣ ባስ ሲልም ቡዳ ነበር። በሠሩት ማረሻ አርሶ የጠገበ ሁሉ፣ «በዓይናቸው ይበሉብኛል» እያለ ልጁን ነጠላ ውስጥ ይደብቅባቸው ነበር። ገነነ ይህን እያየ አደገ፤ አዲስ አበባ ሲገባም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መሄድ ለምዶ ነበር።

አዲስአለም ደግሞ የፊታውራሪ ካሳዬ ልጅ ናት፤ ቤታቸው አፍንጮ በር ነው። ፊታውራሪ ደብረ ዘይት ሐይቅ ላይ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የሸጠላቸው ባለሸራ ጀልባ አላቸው። ሸራ የነፋስ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲተኛ ጀልባዋ መሀል ሐይቅ ላይ ትገተራለች። ለዚህ ብሎ ነው ፈረንጁ ከሆዷ ውስጥ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ያስገባባት። ያ ሞተር ባለፈው ሚያዝያ ፊታውራሪን ከነእንግዳቸው መሀል ሐይቅ ላይ ጥሏቸው፣ ዓሣ አጥማጆች በገመድ ጎትተው አወጧቸው። እንግዳው ደግሞ አቶ ካሣሁን ነበር፤ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ፊታውራሪና ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ለአዲስአለም የመረጡት ሰው። ፊታውራሪ ከዚህ የበለጠ ውርደት አላውቅም አሉ። ሞተሩን አስነቅለው አፍንጮ በር አስመጡና ግቢያቸው ውስጥ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀመጡት። ለገነነም እንዲህ አሉት፦ «እስከ መስቀል ካዳንህልኝ፣ በእንግዶቼ ሁሉ ፊት ባለሙያዬ ብዬ በስምህ እጠራሃለሁ።»

በስሙ መጠራት ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለባለ እጅ ልጅ ግን ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀላል ነበር። ሞተሩ በማኖቤላ፣ በእጅ ማዞሪያው ብረት፣ ሲዞር ይነሣል፤ ሦስት ደቂቃ ይሠራል፤ ይንገዳገድና ይሞታል። ይህ የረሃብ ምልክት ነው፤ ናፍጣ አይደርሰውም ማለት ነው። ገነነ የሰልባትዮውን፣ የናፍጣ ማጠራቀሚያውን፣ ክዳን ከፍቶ አስነሣው፤ መተንፈሻው ተደፍኖ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። እሱ አልነበረም። ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አወጣ፤ ጠቁሯል፣ ግን ያሳልፋል። ከዚያ ከፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ የፖምፓዋን እጀታ በአውራ ጣቱ ሲገፋ፣ ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ያለችው የመዳብ ቀለበት ተሰንጥቃ አየር ስትስብ ኖራለች። ቀለበቷን ቀየረ፤ አረፋው አልቆ ጥሩ ናፍጣ እስኪመጣ ገፋ፤ ብሎኗን አጠበቀ። ሞተሩ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ሠራ።

«እንዴት አወቅኸው?» የሚል ድምፅ ከደረጃው ላይ መጣ።

ቀና ሳይል መለሰ። «ራሱ ነው የነገረኝ፣ እመቤቴ። ራበኝ ይላል፤ ሲያጎርሱት የዋለው ግን ነፋስ ነው።»

አዲስአለም ሳቀች። ሳቋ እንደ ቤቷ አልነበረም፤ ምንም ልክ አልነበረውም። ገነነ ሳያስበው ቀና አለ። አየችው፤ አያት። ዓይኑን ለመመለስ ፈልጎ አልቻለም፤ እሷም ነጠላዋን ወደ ፊቷ አልሳበችም። ከዚያ ቀን በፊት እሱ ሲያያት ፊቷን ያልሸፈነች የጨዋ ልጅ አላጋጠመችውም ነበር። ማታ ወደ ጋራዡ ሲመለስ እጁን መታጠብ እንኳ ረሳ።

በሳምንቱ ተጠራ። ሞተሩ ደግሞ ቆሟል። የፊልትሮውን ማፍሰሻ ሲከፍት ከናፍጣው በፊት ውሃ ወጣ። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ሰልባትዮ ውስጥ ከታች ይተኛል፤ ቱቦው ደግሞ የሚጠጣው ከታች ነው። «ክረምት ነው፤ ዝናብ ገብቶበት ነው» ብሎ አጥቦ ሞላው፤ ሞተሩ ሠራ። በሦስተኛው ቅዳሜ እንደገና ውሃ አገኘ። በቆርቆሮ ጣራ ሠራለት። በአራተኛው ቅዳሜ ከጣራው ሥር ያለው ሁሉ ደርቆ ሰልባትዮው ግን ውሃ ይዞ ጠበቀው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታመም ሞተር ማን ሰምቶ ያውቃል? ገነነ እንቅልፍ አጣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ የታጠፉ ደብዳቤዎች በዘበኛው በጋሽ ነጋሽ እጅ ይመላለሱ ነበር። አዲስአለም በአንዱ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ዳነ ብለህ ስትሄድ ሳምንቱ አያልፍልኝም። ደግነቱ ሞተራችን ታማኝ ነው፤ ቅዳሜን አይስትም።» በሌላው ደግሞ፦ «ባይታመምልን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?» «ባይታመምልን» ነው ያለችው! ይህን አንብቦ ያልገባው ሰው ነው እንግዲህ የእኛ ጀግና። እሷ የገባው መስሏት፣ ሳቅ እየያዛት ትጽፋለች። እሱ ደብዳቤውን ደረቱ ውስጥ ከትቶ፣ «ውሃው በየት በኩል ገባ?» እያለ ይብሰለሰላል።

እሱም ደግሞ የሸሸጋት ነገር ነበር። ሞተሩ በዳነ ማግስት፣ እሑድ፣ አቶ ሐድጉን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ አባቷ ሊልክ ተሰናድቷል። «ባዶ እጄን አልልክም፤ የዳነ ሞተር ይቅደምልኝ» ብሎ አስቧል። ድንገት ላስደስታት ብሎ ለሷ ግን ትንፍሽ አላለም። አንድ መስመር ቢጽፍላት ኖሮ ሞተሩ በዚያው ሳምንት ይድን ነበር። አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ነው እኔ የተናደድኩት።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ገነነ መላ አገኘ። ሰልባትዮውን አድርቆ ንጹሕ ናፍጣ ሞላው፤ ክዳኑን ዘግቶ ዙሪያውን ግራሶ ለቀለቀው። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ግራሶው ላይ ጣቶች አርፈውበታል። ከሥር በጠርሙስ ቀዳ። ጠርሙሱን ለብርሃን ሲያነሣው ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ ሁለት ሆነው ቆሙ። ጠርሙሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ፊታውራሪ ሄደ፤ ወደ ጥፋቱም ሄደ።

ፊታውራሪ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወረዱ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በረንዳው ላይ ቆሙ፤ አዲስአለም ከእናቷ ኋላ ነበረች።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«ውሃ ነው፣ ጌታዬ። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ፖምፓውም ቱቦውም ደኅና ነው። የዝናብ ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም። የሰው እጅ ነው የሚጨምርበት።»

ይህን ሲል ኮርቶ ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ያላገጠበትን በሽታ በስሙ ጠርቶታል። ደረቱን እንደነፋ ዓይኑን ወደ በረንዳው ወረወረ፤ እንድትኮራበት ፈልጎ ነው። አዲስአለም ግን ፊቷ አመድ ለብሷል። አልገባውም።

ፊታውራሪ ወደ በሩ ዞሩ። «ነጋሽ! ና እዚህ!»

ሽማግሌው ዘበኛ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ።

«ናፍጣዬን እየቀዳህ ሸጠህ በውሃ ትሞላልኛለህ?»

«እኔ? ፊታውራሪ፣ እኔ?» አለ ነጋሽ። «ጊዮርጊስን አላደረግኩም! በጠላት ጊዜ አምስት ዓመት በዱር በገደሉ አብሬዎ ስኖር፣ አንዲት ጥይት ጎድላብዎ ታውቃለች?»

«ያኔ ሰው ነበርክ! ሌሊት እዚህ ግቢ ውስጥ ካንተ በቀር ማን ይዞራል? መብራት ይዞ የሚያድረው ማን ነው? አንድ ሰው ሂዱና ፖሊስ ጥሩ!»

ነጋሽ መሬት ላይ ተንበረከከ። የገነነ ኩራት ከእግሩ ሥር እንደ አሸዋ ተንሸራተተ። ይህን አላሰበም ነበር። እሱ ያሰበው ስለ ውሃው እንጂ ውሃውን ስለሚጨምረው ሰው አልነበረም።

«ጌታዬ፣ እሳቸው ናቸው አላልኩም፤ እኔ…»

«ጋሽ ነጋሽን ተዉት።»

አዲስአለም ደረጃውን ወርዳለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ደረጃው ላይ ቀርቷል።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ውሃውን የምጨምረው እኔ ነኝ።»

እሷ ግን አባቷን አላየችም፤ ገነነን ነው ያየችው። ዓይኖቿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አታውቅም ነበር እንዴ?» የሚል፣ እንደ ሕፃን የተገረመ ጥያቄ ነበር። ገነነም በዚያች ቅጽበት አወቀ። ቅዳሜን አይስትም። ባይታመምልን። እያንዳንዱ ቅዳሜ፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ውሃ፣ በጨለማ ተደብቃ የቀዳችው፣ እጇን በናፍጣ አቆሽሻ የጨመረችው፣ «ና» የሚል መልእክት ነበር። እሱ ደግሞ መልእክቱን እየደፋ፣ ጨርሶም ለአባቷ አምጥቶ አስረከበው። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር።

«ለምን?» አሉ ፊታውራሪ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ጩኸታቸውን ሳይሆን ይህን ድምፅ ነው የሚፈሩት። «ለምን ብለሽ?»

አዲስአለም አፏን ከፈተች። ገነነ ከዘራውን ያየዋል፤ የወይዘሮ ተናኘወርቅን ፊት ያየዋል። አንድ ቃል ብቻ ቀርቷታል። ያንን ቃል ከተናገረች በዚያ ቤት ልጅ መሆኗ ያበቃል። ከቀጥቃጭ ጋር ተገኘች ትባላለች፤ ጠጉሯን ተላጭታ ገዳም ትጣላለች።

«ውሸታቸውን ነው!» አለ ገነነ።

ሁሉም ዞሩ። የራሱ ድምፅ ለራሱ እንግዳ ሆነበት።

«እመቤቴ ለሽማግሌው አዝነው ነው የዋሹት። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ በመጀመሪያው ቀን ድኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚህ ግቢ እንድጠራ ብዬ ነው።»

ፊታውራሪ ተጠጉት። «ታዲያ አሁን ‘የሰው እጅ ነው’ ብለህ ለምን ነገርከኝ?»

ገነነ ወደ ነጋሽ ላለማየት ታገለ። «መስቀል ደረሰ፤ ሞተሩን አዳንኩ ማለት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ በሽማግሌው ላይ እንዲወድቅ ብዬ።»

ከዚህ የከፋ ነገር ስለ ራሱ መናገር አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ተናገረው። ከዘራው ፊቱን ከግንባሩ እስከ ጉንጩ ተረተረው። አልወደቀም። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልጠረገውም።

«ከቀጥቃጭ ዘር ሰው እጠብቃለሁ ብዬ!» አሉ ፊታውራሪ። «እኔ ነኝ ሞኙ! ውጣ! ከእንግዲህ እዚህ በር ላይ ካየሁህ እንደ ሌባ ነው የማስርህ!»

«አባባ፣ ውሸቱን ነው!» አዲስአለም የአባቷን ክንድ ያዘች፤ ትጮኻለች። «እኔ ነኝ አልኩዎ! እሱን ለማየት ነው! ስለምወደው ነው!»

እውነቱ በአደባባይ ተነገረ። ገነነ ዓይኑን ጨፈነ። የመጣው ግን የአባቷ ከዘራ ሳይሆን ከበረንዳው ላይ የእናቷ ድምፅ ነበር።

«ኡ! ኡ! ልጄን በልቷታል!» ወይዘሮ ተናኘወርቅ እየተንደረደሩ ወረዱ። «እንዲህ ያለ ቃል ከልጄ አፍ ይወጣል? እሷ አይደለችም የምትናገረው፤ እሱ ነው በአፏ የሚናገረው! አልነገርኩዎትም ፊታውራሪ? ቡዳ ግቢዎ አያስገቡ አላልኩም? ሸፍኗት! ፊቷን ሸፍኗት!»

ነጠላውን ከደረጃው ላይ አንሥተው በልጅቱ ራስ ላይ ጣሉት። ፊታውራሪ ባለቤታቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ገነነ በፊታቸው ላይ እፎይታ ሲመጣ አየ። ልጃቸው ቀጥቃጭ ወደደች ከማለት፣ ቡዳ በላት ማለት ይቀልላቸው ነበር።

በነጠላው ሥር ስሙን ስትጠራ እየሰማ በሩን ወጣ። በዚያ ግቢ እንደዚያ ቀን በስሙ የተጠራበት ጊዜ የለም።

እሑድ ጠዋት አቶ ሐድጉ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ጋራዡ በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ገነነ ያበጠ ፊቱን ይዞ ሲገባ ማንም ምንም አልጠየቀም፤ ወሬው ከፒያሳ እስከ አፍንጮ በር ደርሶ ተመልሷል። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። አንደኛው ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወደይ» አሉት ሐድጉ፤ አስመራ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬአለሁ። ሞተር አበላሽቶ የሚጠራን ሰው አውቃለሁ፤ አንተ አይደለህም። ለምን ዋሸህ?»

«እውነቱን ብትናገር ያጠፏት ነበር፣ ጋሽ ሐድጉ።»

«እሺ፣ ዋሸህ። አሁንስ አላጠፏትም?»

ሐድጉ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ፤ ቱታቸውንም ለበሱ። በዚያው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ግማሽ የተፈታ ሞተሩን «ቡዳ የነካው ሞተር መንገድ ላይ ይገለኛል» ብሎ አስጭኖ ወሰደ። ከዚያ ሌላውም ተከተለ። ሐድጉ አላባረሩትም። ባያባርሩት ይሻለው ነበር፤ ባዶውን ጋራዥ ሲጠርጉ ማየት አላስቻለውም።

አዲሱ ዓመት ገባ። ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየበሩ ሲዘፍኑ፣ የሐድጉን ጋራዥ ዘለው አለፉ። መስከረም አጋማሽ ላይ ግን አንድ ሰው ጋራዡ በር ላይ ቆመ፤ ጋሽ ነጋሽ ነበር። ገነነ ሲያየው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሊደበድቡኝ ከሆነ መብትዎ ነው» አለው።

ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ትከሻውን ሳመው። «ደብዳቤውን ስታመላልስ የኖረች እጅ እኮ ናት ይህች። ማን ምን እንዳደረገ አላውቅም መሰለህ?» የክብሪት ቀፎ አወጣ። «አንተ ልጅ፣ በእኔ ላይ የወደቀውን ራስህ ላይ ጫንክልኝ። እግዜር ይስጥህ እንዳልልህ፣ የሰጠህን እያየሁ ነው።»

ገነነ ከሥራ መደርደሪያው ኋላ ሄዶ ደብዳቤውን ከፈተ። ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ አልነበረም።

«ገነነዬ፣

ይቅር በለኝ። የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ‘ሞተሩ ዛሬም ታመመ’ ስትለኝ፣ አብረን የምንስቅ መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻዬን ነበር የምስቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነቱን ያልነገርኩት ሰው የለም። ለአባባ ነገርኩ፣ ለእማማ ነገርኩ፣ ለንስሐ አባታችንም ነገርኩ። ማንም አይቆጣኝም። ይህ ነው የገደለኝ። ቢቆጡኝ፣ ቢገርፉኝ፣ የተናገርኩት የኔ ነው ማለት ነበር። እነሱ ግን ያዝኑልኛል። ‘እሷ አይደለችም’ ይባባላሉ። ራቴን አልበላም ስል አንተ ከልክለኸኝ ነው። ሳለቅስ አንተ ነህ የምታለቅሰው። ‘ካሣሁንን አላገባም’ ስል፣ ‘ይኸው ተነሣባት’ ብለው በሩን ይዘጋሉ።

አስለፍላፊ አመጡብኝ። በጭስ አፍኖ እስክዝል ያዘኝና ‘የበላሽ ማን ነው? ስሙን ጥሪ!’ አለኝ። ትንፋሼ ሲያልቅ፣ የምወደውን ሰው ስም ጠርቼ ልሙት ብዬ ስምህን ጠራሁ። ገነነ አልኩ። እልል አሉ። ‘ለፈለፈች! ተገኘ!’ ብለው ተቃቀፉ። ከዚያ በኋላ ስምህን በጠራሁ ቁጥር እንደገና ያጨሱኛል። አሁን ስምህን በልቤ ብቻ ነው የምለው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አባባ አገር ይወስዱኛል። ሠርጉ እዚያ ነው፤ እዚህ ሰው እንዳያየኝ ብለው ነው። በምኒልክ አደባባይ በኩል እናልፋለን። እዚያ ቁምልኝ። ምንም አልጠይቅህም። በመጀመሪያው ቀን ቀና ብለህ እንዳየኸኝ አንድ ጊዜ እየኝ። እሱን ይዤ እኖራለሁ።

አዲስአለም»

ገነነ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ ነጋሽ ተመለሰ።

«ጭሱ… ይጎዳታል?»

ሽማግሌው መሬቱን አየ። «ደም ታስላለች። ዶሮ አርደው ‘ሄደላት’ ይላሉ፤ ያንተ ነገር ሲነሣ ወይ የተነሣ ሲመስላቸው ደግሞ እንደገና ይጀምራሉ። ከሰኞ ወዲህ ዝም ብላለች፤ ዝም ስላለች ትተዋታል። እመቤት አብረው ይሄዳሉ፤ ያ አስለፍላፊም ከፊት ወንበር ይቀመጣል።»

ሐሙስ ጠዋት ገነነ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ቆመ። ምን እንደሚያደርግ አስቦ ጨርሶ ነበር። ያያታል። አንድ ጊዜ፣ ያለውን ሁሉ በዚያች እይታ ውስጥ አድርጎ ያያታል። አምስት ሳምንት ያላየውን በአንድ ቅጽበት ያያል። ሰው በሕይወቱ አንድ ነገር በትክክል ማድረግ ይችላል፤ እሱ ይህን ያደርጋል።

የፊታውራሪ ጥቁር መኪና ከአፍንጮ በር በኩል መጣ። አደባባዩ ጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ አቆመው። መኪናው ከገነነ አምስት እርምጃ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ አጠገባቸው ከራስ እስከ አገጭ በነጠላ የተሸፈነች ልጅ። ከፊት ወንበር ያ አስለፍላፊ፣ የሚያጨስበትን ከረጢት ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

ነጠላው ተንቀሳቀሰ። ቀጭን እጅ ከሥሩ ወጥታ ቀስ ብላ ጠርዙን ያዘች። አዲስአለም ነጠላውን ወደ ታች ስባ ፊቷን ገለጠች። ከስታለች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ዓይኖቿ በመስኮቱ በኩል ሰዉን እየፈለጉ መጡ፤ ወደ እሱ፣ ወደ እሱ። በዚያው ቅጽበት ወይዘሮ ተናኘወርቅም ዞር ሲሉ፣ የፊተኛው ሰውዬም ከረጢቱን ሲፈታ ገነነ አየ።

አንድ ጊዜ ቢያያት ታለቅሳለች። ስታለቅስ «ይኸው በላት» ይላሉ። እስከ አባቷ አገር ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ መኪናው ጠባብ ነው፤ መስኮቱን ዘግተው ያጨሷታል። ደም ታስላለች ብሎታል ነጋሽ።

ዓይኗ ሊደርስበት ሲል ዞረ።

ፊቱን ወደ አጥሩ አድርጎ፣ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ ደፋ። ጀርባውን እያየችው እንደሆነ ያውቃል። እስኪዞር ድረስ እየጠበቀችው እንደሆነ ያውቃል። የመኪናው ሞተር ቆሞ ሲሠራ ይሰማዋል፤ ከሱ በላይ ግን የሚሰማው የሷ ዝምታ ነው። ስሙን እንዳትጠራ ለመነ፤ ደግሞም እንድትጠራው ለመነ። አልጠራችውም። ፖሊሱ ፊሽካ ነፋ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ድምፁ ጠፋ።

የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱንም ነፈጋት። ለምን እንደነፈጋት የሚነግራት ሰው የለም፤ ደብዳቤ የሚያመላልሰው ነጋሽም አፍንጮ በር ቀርቷል። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ፣ ያ ሰው አፈረብኝ ብላ ትኖራለች።